ኬብል ወይስ ዋይፋይ? ስለ ቤትና ቢሮ ኔትወርክ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ

ሰው ቤት ኬብል ልዘረጋ ወይ ዋይፋይ ላስተካክል ስሄድ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ አይነት ናቸው፣ ኮንዶሚኒየምም ይሁን ቪላ፣ ፋርማሲም ይሁን የሂሳብ ቢሮ። ሁሌ ከምደጋግመው አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። ኮሌጅ ሚያስተምሩት አይነት አይደለም፣ ሰባቱ ሌየር ምናምን እዚህ የለም።

ዋይፋይ አለ ግን ኢንተርኔት የለም ይለኛል፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም፣ ግማሹ ውዥንብር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ዋይፋይ ማለት ከስልካችሁ እስከ ራውተሩ ያለችው አጭር መንገድ ናት፣ በቃ፣ ከዛ አታልፍም። ኢንተርኔቱ ከራውተሩ ጀርባ በፋይበር ወይ በስልክ መስመር ወይ በሲም ካርድ የሚገባው ነው። ውሃን አስቡት፣ ግቢ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሌላ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ሌላ፣ ቧንቧችሁ አዲስ ቢሆንም ፈረቃችሁ ካልደረሰ ጠብ አይልም፣ መንገዱ ላይ ውሃው በኃይል እየመጣ የናንተ ቧንቧ በዝገት ከተደፈነ ደሞ ያው ነው። ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቷ ሙሉ ሆና ምንም አልከፍት ካለ ምልክቷ የምትነግራችሁ ራውተሩ ቅርብ መሆኑን ብቻ ነው፣ ስለ ኢንተርኔቱ ምንም አታውቅም።

መለያው ቀላል ነው። ብራውዘር ከፍታችሁ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፣ ብዙ ጊዜ ከሆዱ ስር ተለጥፏል፣ 192.168.1.1 ወይ 192.168.0.1 ወይ 192.168.100.1 ሊሆን ይችላል። የራውተሩ ገጽ ቶሎ ከተከፈተ ዋይፋያችሁ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከዛ ወዲያ ነው። ካልተከፈተ ወይም እየተንቀራፈፈ ከሆነ አቅራቢው ጋ ደውላችሁ ከመጮሃችሁ በፊት እቤት ፈልጉ። እኔ ከምጠራባቸው ቤቶች በብዙዎቹ "ኮኔክሽኑ ሞቷል" የሚባለው ሟች የሚገኘው ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ባለችው አስር ሜትር ውስጥ ነው።

ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊች፣ አክሰስ ፖይንት... ይሄ ሁሉ ሳጥን ለምንድነው?

አራት ስራ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አራቱንም አንድ ሳጥን ስለሚሰራቸው ሰው ሁሉንም "ራውተር" ወይ "ሞደም" ብሎ ይጠራቸዋል፣ እኔም እጠራለሁ። ሞደሙ ከውጭ የሚመጣውን (በፋይበር ከሆነ ብርሃን ነው) ኮምፒውተር ወደሚገባው ይቀይራል። ራውተሩ በቤታችሁና በውጭው አለም መሃል ቆሞ የቱ ዳታ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። ስዊቹ እቤት ውስጥ በኬብል ያሉትን ያገናኛል፣ ከኋላ ያሉት አራቱ ቀዳዳዎች እሱ ናቸው። አክሰስ ፖይንቱ ደሞ ሬድዮው ነው፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨው።

ፋይበር ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፣ ሳጥኑ ላይ "ሎስ" የተባለ መብራት አለ፣ እሱ ቀይ ከበራ ወይ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ያኔ የዋይፋይ ፓስዎርድ ብትቀይሩ፣ ስልክ ብታጠፉ ብታበሩ ትርፉ ድካም ነው፣ ክሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይ ታጥፏል ወይ ሶኬቱ ላልቷል። ፋይበር ብርጭቆ ነው፣ እንደ መብራት ገመድ ጠቅልላችሁ ከሶፋ ጀርባ አትቀርቅሩት።

ፎቶ ለሰው በምልክበት ጊዜ በኬብሉ ውስጥ ምንድነው የሚሄደው?

ፎቶው እንዳለ አይሄድም፣ ተቆራርጦ ነው። አንዱ ቁራጭ (ፓኬት ይባላል) ብዙውን ጊዜ እስከ 1,500 ባይት ነው ሚይዘው፣ ስለዚህ 3 ሜጋባይት ፎቶ ከ2,000 በላይ ቁራጭ ሆኖ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከማን ወደ ማን እንደሆነ ተጽፏል፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርሱ በተራ ቁጥራቸው ይገጣጠማሉ፣ አንዱ መንገድ ላይ ከጠፋ እሱ ብቻ ድጋሚ ይላካል። ገመዱ ላይ ደሞ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፣ ከፍ ዝቅ እያለ አንድና ዜሮ የሚናገር።

ስዊቹ ብልጥ እቃ ነው። መጀመሪያ ሲበራ ማን የት እንዳለ አያውቅም፣ ግን አንድ ኮምፒውተር አንዲት ነገር በላከች ቁጥር "እሺ፣ አንቺ ቀዳዳ 3 ላይ ነሽ" ብሎ ይመዘግባል። የሚመዘግበው ማክ አድሬስ የሚባለውን ነው፣ እቃው ፋብሪካ ሲሰራ የሚሰጠው ባለ 48 ቢት (ቢት ማለት አንዲት አንድ ወይ ዜሮ ናት) ቁጥር። ከዛ በኋላ ለሷ የመጣውን ለሷ ብቻ ይሰጣል። ድሮ ሀብ የሚባል ነበር፣ እሱ የሰማውን ለሁሉም የሚያወራ አሉባልተኛ ነው፣ አስር ኮምፒውተር ካለ አስሩም ይሰማል፣ እኩል ሁለት ሰው ካወራ ይጋጫል፣ ሁለቱም ድጋሚ ይልካሉ። አሁንም አንዳንድ አሮጌ ቢሮ ኮርኒስ ውስጥ አገኘዋለሁ። ስዊች ላይ ያለ ኬብል ግን በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም ይችላል፣ ማንንም ወረፋ አይጠብቅም። ይህቺን ያዟት፣ ዋይፋይ ላይ ስንደርስ ትመለሳለች።

ነገሩ ኢተርኔት ነው የሚባለው፣ 1973 ላይ ዜሮክስ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በነበረው የምርምር ማዕከል ቦብ ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ የጀመሩት ነው፣ ያኔ አንድ ወፍራም ገመድ ላይ ሁሉም ተንጠልጥሎ በሴኮንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር ሚሄደው። ዛሬ ተራ ላፕቶፕ ላይ ያለው ቀዳዳ 1,000 ነው።

ኬብሉ ውስጥ ለምን 8 ሽቦ አለ? ለምንስ ተጠማዘዘ? ቀለሙን እንደፈለግኩ ባደርገው አይሰራም?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ ምክንያቱም ብር የሚያስበላው ይሄ ነው።

ስምንቱ ሽቦ አራት ጥንድ ነው። አንዱ ጥንድ ላይ ያሉት ሁለቱ አንድ አይነት ነገር በተቃራኒ ምልክት ነው ሚሸከሙት፣ አንዱ ሲጨምር አንዱ ይቀንሳል። ከውጭ ረብሻ ሲመጣ፣ ለምሳሌ አጠገቡ የመብራት ገመድ ሲኖር፣ ተጠማዝዘው ስለተቃቀፉ ረብሻው ሁለቱ ላይ እኩል ያርፋል፣ ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ስለሆነ ረብሻው ይጣፋል። ገመዱን የሚጠብቀው ጥምዘዛው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጃክ (ኬብሉ ጫፍ ላይ የሚታሰረው መሰኪያ) ስታስሩ አንድ ስንዝር ሙሉ ፈታታችሁ አትዘርጉት፣ አንድ ሳንቲሜትር ምናምን ይበቃል።

ቀለሙ ደሞ፦ የጃኩን ክሊፕ ወደ ታች፣ የወርቅማ ጥርሶቹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን አቅፎ እንደተቀመጠ ልብ በሉ። "ሁለቱ ጫፍ አንድ አይነት ከሆነ ምን ችግር አለው" ብሎ ብርቱካንን ከብርቱካን፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ ተራ በተራ የሚደረድር ባለሙያ አጋጥሞኛል፣ ቴስተሩ (የኬብል መፈተሻው) ላይ ስምንቱም መብራት ይበራል፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ ግን አብረው መስራት ያለባቸው ሁለት ሽቦዎች አሁን ከተለያየ ጥንድ የተውጣጡ ናቸው፣ ጥምዘዛው ዋጋ የለውም። አጭር ገመድ ላይ ይሰራል፣ 40 ሜትር ላይ ይቆራረጣል። አንድ ሱቅ በዚህ ምክንያት ራውተር ሁለት ጊዜ ቀይሯል፣ እኔ ሁለቱን ጃክ ቆርጬ ድጋሚ ሳስራቸው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሌላው፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ለመሄድ ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ 1,000 ለመሄድ ግን አራቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ከሰማያዊው ወይ ከቡኒው ጥንድ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ እንኳን ኔትወርኩ ብዙ ጊዜ "ይሰራል"፣ ግን በአስረኛው ፍጥነት። ኮምፒውተራችሁ 1 ጊጋ (1,000 ሜጋቢት) መሆን ሲገባው 100 ላይ ተጣብቆ ካያችሁት መጀመሪያ ጃኩን ጠርጥሩ።

ርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ነው። ከኬብል ደረጃዎች ካት 5ኢ የሚባለው ለ1 ጊጋ በደንብ ይበቃል፣ ካት 6 ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ነገር ይሻላል፣ ድጋሚ ግድግዳ አትቆፍሩማ። ስትገዙ ደሞ የሽቦውን ጫፍ በቢላ ላጥ አርጉት፣ ከውስጥ ብርማ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሁለት ሶስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ እኔ ብዙ ተቃጥዬበታለሁ።

ያለ ሽቦ እንዴት ነው ታዲያ ሚሄደው?

ሬድዮ ነው። ሸገር 102.1 ስትሰሙ ሞገዱ በሴኮንድ 102.1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፣ ዋይፋይ ደሞ 2.4 ቢሊዮን ወይ 5 ቢሊዮን ጊዜ ምናምን። ልዩነቱ ስልካችሁ አድማጭ ብቻ ሳይሆን ራሱም ጣቢያ መሆኑ ነው፣ መልሶ ያሰራጫል። ሃሳቡ አሮጌ ነው፣ 1971 ላይ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደሴት ለደሴት ኮምፒውተሮችን በሬድዮ አገናኝተው ነበር፣ ኢተርኔትን የፈጠረው ሜትካፍ ራሱ ከነሱ ነው የተማረው። ስለዚህ "ገመድ አልባ አዲስ ነው ገመድ አሮጌ" የሚባለው ልክ አይደለም፣ ሽቦው ነው ከሬድዮው የኮረጀው። ዛሬ ዋይፋይ የምንለው ደሞ ስታንዳርዱ 1997 ላይ ወጣ፣ ያኔ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ኬብል ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መንገድ ነው፣ አየር ግን አንድ ነው። አንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ሰብሳቢ የሌለው የእድር ስብሰባ በሉት፣ ግን ጨዋ እድር፣ ማንም ከመናገሩ በፊት "የሚያወራ አለ?" ብሎ ያዳምጣል፣ ጸጥ ካለ ደሞ ሁለት ሰው እኩል እንዳይጀምር እያንዳንዱ በሆዱ የሆነ ቁጥር ቆጥሮ ነው አፉን ሚከፍተው። ከተናገረ በኋላ "ሰምቻለሁ" የሚል መልስ ካልመጣለት ይደግማል። ዘዴው ይሰራል ግን ጊዜ ይበላል፣ የራውተሩ ካርቶን ላይ 1,200 ሜጋ ተብሎ ተጽፎ እጃችሁ ላይ ግማሹን እንኳን የማታዩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ርቆ ያለ ወይ ያረጀ ስልክ ካለ ቀስ ብሎ ነው ሚናገረው፣ ምክንያቱም ሲግናሉ ሲደክም ፍጥነቱን ካልቀነሰ አይሰማም። እድሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ረጋ ብለው ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ሰርቪስ ቤት ጥግ ሆኖ ቪዲዮ የሚያይ አንድ ሰው ሳሎን ያላችሁትን ሁሉ ሊያዘገያችሁ ይችላል፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ርቀቱ ነው።

ሁለት የዋይፋይ ስም ያሳየኛል፣ አንዱ መጨረሻው ላይ 5ጂ ይላል። የቱን ልጠቀም?

መጀመሪያ ያ 5ጂ የቴሌው 5ጂ አይደለም፣ የሲም ካርድ ጉዳይ አይደለም፣ 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። ራውተሩ አጠገብ ወይ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ 5ን ምረጡ፣ ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ረብሻ ያንሰዋል። ግድግዳ ሁለት ሶስቴ ከተሻገራችሁ ወደ 2.4 ሂዱ፣ እሱ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳን ይሻለዋል።

የ2.4 ችግሩ ጠባብነቱ ነው። ቻናሎቹ እስከ 13 ይቆጠራሉ ግን እርስ በርስ የሚደራረቡ ናቸው፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁን ክፈቱ፣ ሃያ ሰላሳ ዋይፋይ ይታያችኋል፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሶስት ቻናል ነው ሚጋራው። ብሉቱዙም እዛው ነው፣ ማይክሮዌቭም ምግብ ሲያሞቅ እዛው አካባቢ ነው ሚጮኸው። ብልህ ነኝ ብሎ "3 ነጻ ናት" ብሎ 3 ላይ የሚያስቀምጥ አለ፣ እሱ 1ንም 6ንም ነው የሚረብሸው፣ እነሱም እሱን።

ራውተሩን የት ላስቀምጠው?

ቡፌ ውስጥ አይደለም። ቲቪ ጀርባም አይደለም። ላዩ ላይ ደሞ ዳንቴል አይለብስም! እናቶቻችን ይማሩን፣ ቆንጆ ነው፣ ግን እቃው በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው ሚተነፍሰው፣ ሲሞቅ ይዘገያል ወይ ይዘጋል።

መሃል ቦታ፣ ከፍ ያለ፣ ክፍት። አንቴናው ካለው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ሞገዱ ከአንቴናው ጫፍ ሳይሆን ከጎኑ ነው ሚወጣው፣ ጫፉን ወደ መኝታ ቤት ብትቀስሩት እንደውም መኝታ ቤቱን ነው የምትጎዱት። ፎቅ ከሆነና ከላይም ከታችም የምትፈልጉ ከሆነ አንዱን አንቴና አጋድሙት።

ግድግዳው ምንድነው የሚለው ብዙ ይወስናል። እንጨትና ጂፕሰም ምንም አይሉትም፣ ብሎኬት ይቀንሰዋል፣ ብረት ያለበት ኮንክሪት (ኮለንና ሶሌታ) ክፉኛ ይጎዳዋል። ቆርቆሮ ግን በቃ መስታወት ነው፣ ያንጸባርቀዋል እንጂ አያሳልፈውም፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ያለው ሱቅ ውስጥ ከጎን ቤት ዋይፋይ መጠበቅ ዘበት ነው። ውሃ ደሞ ይጠጣዋል፣ ሙሉ ሮቶ በመሃል ካለ ከጀርባው ጥላ ይፈጠራል። አንዴ ደንበኛዬ "ማታ ማታ ዋይፋዩ ይሻለዋል" አሉኝ፣ ለካ ራውተሩ መስኮት ጋ ነው፣ ሰርቪስ ቤቱ ማዶ ነው፣ በመሃል የብረት መስኮት መዝጊያው አለ፣ ቀን ለጸሃይ ይዘጉታል ማታ ለንፋስ ይከፍቱታል።

ዋይፋይ ማራዘሚያ ልግዛ?

ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ማራዘሚያው (ሪፒተር) የሰማውን መልሶ የሚናገር ነው፣ በዛው ቻናል ከሆነ ደሞ እያንዳንዱን ቁራጭ ሁለቴ አየር ላይ ያስኬዳል፣ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዛ ላይ ሰው የሚሰካው ሲግናል የሞተበት ቦታ ነው፣ ያልሰማውን ምን ይደግማል? መሃል መንገድ ላይ ነው መሆን ያለበት።

እኔ የምመርጠው አንድ ኬብል እስከዛ ክፍል ስቦ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት ማድረግ ነው። አሮጌ ራውተር ካላችሁ እሱም ይሆናል፣ ዲኤችሲፒውን (ለየእቃው አድራሻ የሚያድለውን፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ) አጥፉና አድራሻውን ከዋናው ለዩት፣ ኬብሉን የኢንተርኔት መግቢያው ላይ ሳይሆን ከአራቱ ተራ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰኩት። ስሙንና ፓስዎርዱን ከዋናው ጋ አንድ ካደረጋችሁ ስልኩ እየዞራችሁ ራሱ ይቀያይራል።

ከግቢ ግቢ ወይ ከህንጻ ህንጻ ከሆነ ግን የመዳብ ኬብል አየር ላይ አትዘርጉ። ክረምት ላይ መብረቅ እዛው ሰፈር ወርዶ ሽቦው ላይ የሚፈጥረው ኃይል ከሁለቱም ጫፍ ያለውን እቃ ይጠብሳል። ፋይበር ወይ ፊት ለፊት የሚተያዩ የውጭ አንቴናዎች ናቸው መፍትሄው።

192.168 ምናምን የሚለው ቁጥር ምንድነው? ጓደኛዬ ቤትም አንድ አይነት ነው።

እኔም ቤት አንድ አይነት ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ብሎክ 12 ቤት ቁጥር 304 ስንት ሳይት ላይ አለ? ሳይቱ ውስጥ ከሆናችሁ ቁጥሩ ይበቃል፣ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን ጀሞ ነው ሰሚት ነው ካልተባለ አይገኝም። 192.168 የሚጀምሩት፣ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም እንደዛ ለግቢ ውስጥ ብቻ የተተዉ ናቸው። ለምን ቢባል አድራሻዎቹ 32 ቢት ናቸው፣ ጠቅላላ ወደ 4.3 ቢሊዮን ነው ሚመጡት፣ ለአለም ህዝብ እንኳን አንዳንድ አይደርሱም፣ እኛ ደሞ ቤታችን ስልክ ቲቪ ላፕቶፕ ካሜራ አለ።

ስለዚህ ራውተሩ እንደ ግቢ ጥበቃ ይሆናል። ወደ ውጭ የሚታወቀው የሱ አንድ አድራሻ ነው። እናንተ ከ304 እቃ ስታዙ ጥበቃው በራሱ ስም ያዝዝና ደብተሩ ላይ "ይሄ የ304 ነው" ብሎ ይጽፋል፣ እቃው ሲመጣ ደብተሩን አይቶ ያመጣላችኋል። ማንም ያላዘዘው ነገር ከውጭ ሲመጣ ለማን እንደሆነ ስለማያውቅ በር ላይ ይመልሰዋል፣ እግረ መንገዱን ጠበቃችሁ ማለት ነው። ይሄ ስራ "ናት" (NAT) ይባላል።

ቁጥሩን የሚያድለው ዲኤችሲፒ ነው፣ ስልኩ ሲገባ "ማን አድራሻ ይሰጠኛል?" ብሎ ይጮሃል፣ ራውተሩ ይሰጠዋል፣ ለተወሰነ ጊዜ በኪራይ። ኮምፒውተራችሁ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየ ጮሆ ጮሆ መልስ አጥቶ ለራሱ የፈጠረው ነው፣ ኬብሉን ወይ ራውተሩን እዩ። ከላይ አሮጌው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒውን አጥፉ ያልኩትም ለዚህ ነው፣ ሁለት ጥበቃ አንድ በር ላይ ሆነው ሁለቱም ቁጥር ካደሉ አንዱ ቤት ለሁለት ሰው ይሰጣል። ቢሮ ውስጥ "ጠዋት ይሰራል ከሰአት ለአንዳንዱ ሰው ብቻ ይጠፋል" የሚባለው ተረት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ የሆነ ሰው ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ሰክቷል።

100 ሜጋ እየከፈልኩ ሳወርድ 12 ብቻ ነው ሚያሳየኝ፣ ተበላሁ?

አልተበላችሁም። አቅራቢው በሜጋቢት ይሸጣል፣ ማውረጃው በሜጋባይት ይቆጥራል፣ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 100 ለ8 ሲካፈል 12.5።

ስፒድ ቴስት ጥሩ ነው ግን አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋ በቪዲዮ ስናወራ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል።

ስፋትና መዘግየት ይለያያሉ። ሰፊ መንገድ ማለት ብዙ መኪና ያሳልፋል ማለት እንጂ አዋሳ ይቀርባል ማለት አይደለም። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ነው ሚሄደው፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ከሴኮንድ አንድ አስረኛ ያልፋል፣ ይሄ እንግዲህ ቀጥታ ቢሆን ነው። መንገዱ ግን ቀጥታ አይደለም፣ እኛ ባህር በር ስለሌለን ፋይበሩ መጀመሪያ ጅቡቲ ወይ ኬንያ ወርዶ ነው ከባህር ስር ኬብል ጋ ሚገናኘው፣ ከዛ አውሮፓን ዞሮ። ይህቺን መዘግየት ማንም ራውተር አያስቀርላችሁም።

መቆራረጡ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ብዙ ጊዜ እቤት ነው። ኮምፒውተር ላይ ለራውተራችሁ አድራሻ ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ የሚያሳይ ትእዛዝ) አድርጉ። መልሱ 1 ወይ 2 ሚሊሴኮንድ ላይ ረግቶ ከቆመ ጥሩ ነው፣ 3፣ 5፣ 180፣ 4፣ 300 እያለ ከዘለለ አየሩ ላይ ወረፋና ድግግሞሽ አለ፣ ያንን ነው የምትሰሙት። ላፕቶፑን በኬብል ሰክታችሁ ድጋሚ ሞክሩ፣ ከተስተካከለ መልሱን አገኛችሁ። ቤተሰቡ ውስጥ ቪዲዮ ወይ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭን ስልክ ካለም ወደ ውጭ ያለውን ጠባብ መንገድ ይሞላዋል፣ እህታችሁ ናት መጀመሪያ የምትቆራረጠው።

ታዲያ ምኑን በኬብል ምኑን በዋይፋይ ላድርገው?

የማይንቀሳቀስ በኬብል፣ የሚንቀሳቀስ በዋይፋይ። ቲቪ፣ ዴስክቶፕ፣ ፕሪንተር፣ የጥበቃ ካሜራ፣ የሱቁ ካሽ ሬጅስተር ኮምፒውተር እግር የላቸውም፣ አየር ላይ ምን ይሰራሉ? ቲቪዋን ብቻ በኬብል ስታደርጓት ለስልኮቹ የሚተርፈው አየር ይገርማችኋል። አዲስ ቤት የምትሰሩ ደሞ ልስን ከመለሰኑ በፊት ለየክፍሉ ባዶ ቱቦ ቅበሩ፣ ከመብራቱ ቱቦ የተለየ፣ ኬብሉን በኋላም ትስቡታላችሁ።

ተከራይም ጎረቤትም ዋይፋዬን ይጠቀማል፣ ችግር አለው?

መስጠቱ ችግር የለውም፣ ሰው ነን። ግን ለተከራይና ለእንግዳ ብሎ ራውተሩ ላይ "ጌስት" የሚል አለ፣ እሱን ክፈቱላቸው፣ ኢንተርኔት ያገኛሉ የናንተን ኮምፒውተርና ካሜራ ግን አያዩም። ዋናውን ፓስዎርድ ለአንድ ልጅ ከሰጣችሁ ስልኩ ላይ በኪውአር ኮድ አውጥቶ ለሰፈሩ ያድለዋል፣ ይሄን ያልገባው ሰው ብዙ ነው።

መቆለፊያው ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይ 3 ይሁን። ዌፕ የሚባለው አሮጌው 2001 ላይ ነው የተሰበረው፣ እሱ ላይ ያለ ራውተር በር በክር እንደማሰር ነው። ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን በአንድ ቁልፍ ማገናኛ አጥፉት። ስሙን መደበቅ ግን ምንም አይጠቅምም፣ የሚፈልግ ያገኘዋል። የራውተሩን ገጽ መግቢያ ፓስዎርድ ደሞ ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት፣ የዋይፋዩ ሌላ እሱ ሌላ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ራውተር ትንሽ ነው ሚበላው፣ ብዙው በ12 ቮልት 1 ወይ 2 አምፔር ነው ሚሰራው፣ ለዚሁ የተሰሩ ትንንሽ ባትሪዎች አሉ፣ ለሰአታት ይይዙታል። ስትገዙ የአዳፕተሩን ጽሁፍ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይ በላይ፣ 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 ብትሰኩ ሽታው ይነግራችኋል። ሌላ ነገር፣ እንጀራ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ቮልቴጁ እየወረደ ነው፣ ባትሪዋ ይህንንም ታስቀርላችኋለች።

አጥፍቶ ማብራት ለምን ይሰራል?

ምክንያቱም ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ያ የጥበቃው ደብተር ይሞላል፣ ሶፍትዌሩ ይንገዳገዳል፣ ሙቀት አለ፣ ሲነሳ ደሞ ብዙዎቹ የተሻለ ቻናል ይፈልጋሉ። ሶኬቱን ንቀሉት፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ከሆነ መጀመሪያ እሱን አብሩት፣ መብራቶቹ ሲረጉ ራውተሩን። ከኋላ ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ ግን በመርፌ እንዳትነኩ፣ እሷ ማጥፊያ ሳትሆን መሰረዣ ናት፣ ከአቅራቢው የተሰጣችሁን መግቢያ ስምና ፓስዎርድ አብራ ትጠርጋለች። ባለፈው አንድ ቤት የእህታቸው ልጅ "አስተካክላለሁ" ብሎ በስቴኪኒ ተጫናት፣ መግቢያው የተጻፈበት ወረቀት ተፈልጎ ሳይገኝ ሶስት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆዩ፣ ወረቀቱ በመጨረሻ ራውተሩ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ተገኘ፣ ካርቶኑ ደሞ የዶሮ ጫጩት ማቆያ ሆኖ ነበር።